የሚሳይል መከላከያ ምን ያህል ቢያከሽፍ ይበቃል?

በሱሉልታ የምንኖር ጥቂት ጎረቤታሞች በየወሩ አንድ ጥያቄ እያነሣን በጽሑፍ እንከራከራለን። የዚህ ወር ጥያቄ፣ የኑክሌር ሚሳይል መከላከያ መሠራት ይገባዋል ለመባል ከመቶ ስንቱን ማክሸፍ አለበት የሚል ነው።

መሐንዲሱ፦ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬጋን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1983 የኑክሌር ሚሳይሎችን ከመድረሳቸው በፊት ለማክሸፍ ያለመውን የስልታዊ መከላከያ ውጥናቸውን ይፋ ሲያደርጉ፣ ብዙዎች ፍጹም ካልሆነ ዋጋ የለውም ብለው ፈረዱ። እኔ አልስማማም። ቀድሞ ለመምታት የሚያስብ አዛዥ የባላጋራውን የሚሳይል ጉድጓዶች በአንድ ጊዜ ማውደም አለበት፤ ከአረሮቹ፣ ማለትም ሚሳይሎቹ ከሚሸከሟቸው የኑክሌር ቦምቦች፣ ግማሹ ቢከሽፉ፣ የትኞቹ እንደሚከሽፉም አስቀድሞ ማወቅ ካልቻለ፣ የተረፉት ሚሳይሎች አጸፋውን ስለሚመልሱበት ዕቅዱ ይፈርሳል። ስለዚህ ሃምሳ በመቶም ጦርነትን ሊያስቀር ይችላል።

መምህሯ፦ ወንድሜ፣ ስለ ጉድጓዶቹ ያሉትን እቀበላለሁ፤ አንዱ ቢወድም ሌላው ይተርፋልና። ለሕዝቡ ቃል የተገባለት ግን ስለ ከተማው ነበር። ሺህ አረሮች ተወንጭፈው ከመቶው ዘጠና አምስቱ ቢመክኑ ሃምሳ ያልፋሉ። በ1945 ሂሮሺማን ያጠፋው ቦምብ 15 ኪሎ ቶን ገደማ፣ ማለትም የ15 ሺህ ቶን ፈንጂ ያህል ኃይል ነበረው፤ ከዛሬዎቹ ስልታዊ አረሮች አብዛኞቹ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ከደጄ ሆኜ የእንጦጦን ጀርባ ስመለከት፣ ከተራራው ማዶ ያለው ከተማችን ከእነዚህ አንዱን እንኳ እንደማይችል አስባለሁና ያስጨንቀኛል። ደግሞም መቶኛው ባለበት አይቆምም፤ የአሜሪካው ተደራዳሪ ፖል ኒትዝ በ1985 መከላከያው ራሱ ከጥቃት የሚተርፍ፣ እሱን ማስፋትም ተጨማሪ ሚሳይል ከመሥራት የረከሰ መሆን አለበት ያሉት ባላጋራ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ስላወቁ ነው።

መሐንዲሱ፦ የኒትዝን መስፈርት እኔም እቀበላለሁ፤ በሺህ የሚቆጠር አረር ባለው ኃያል አገር ላይ መከላከያው ያንን ፈተና አያልፍም። ጥቂት ሚሳይል ባለው አገር ላይ ግን ስሌቱ ይለያል። በአላስካና በካሊፎርኒያ የተተከሉት 44 ማክሸፊያ ሚሳይሎች የታሰቡት ለዚህ ነው። እያንዳንዱ የመምታት ዕድሉ ሃምሳ በመቶ ቢሆን እንኳ፣ በአንድ አረር ላይ አራት ቢተኮሱ ዕድሉ ወደ 94 በመቶ ይደርሳል።

መምህሯ፦ ያ ስሌት የሚሠራው የአንዱ መሳት ከሌላው መሳት ጋር ካልተያያዘ ብቻ ነው። አየር በሌለበት ከፍታ አጥቂው ለማታለያ የሚለቀው ቀላል ፊኛና ከባድ አረር እኩል ይጓዛሉ፤ ስለዚህ ራዳሩ ፊኛውን አረር ነው ብሎ ካመነ፣ አራቱም የሚሄዱት ወደዚያው ፊኛ ነው።