አንደርስ፣ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ሁለት ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ ውርጩ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጣቴን ያደነዝዘዋል። ዝተት ተከናንቤ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጫለሁ። አንድ ሰው ከድቶኛል። ሰውዬው በሕይወት የለም፣ ኖሮም አያውቅም፣ ካናዳ ኤድመንተን ያለ ኩባንያ የፈጠረው የጌም ገጸ ባሕርይ ነው። እና ምን ይጠበስ? ንዴቱ የእውነት ነው።

ጌሙ ድራጎን ኤጅ 2 ነው። በእነሱ 2011፣ በእኛ 2003 ዓ.ም. የወጣ። «አሁን ነው እንዴ የምትጫወተው?» የምትሉኝ ላፕቶፔን አታውቁትም። አዲስ ጌም ሲከፈትበት እንደ ወፍጮ ቤት ነው የሚጮኸው። የሚችለው ይሄንኑ ነው። መጨረሻውን ማወቅ የማትፈልጉ ካላችሁ ከዚህ ተመለሱ፣ ሁሉንም ልዘረግፈው ነው።

እንግዲህ ሆክ የሚባል ስደተኛ ነህ። አገርህ በጦርነት ፈርሶ ከርክዎል የምትባል የወደብ ከተማ ትገባለህ። እዚያ ከተማ አስማት ይዞ የተወለደ ሰው ሁሉ ሰርክል በሚሉት ግቢ ተቆልፎ ነው የሚኖረው። ጠባቂዎቹ ቴምፕላሮች ይባላሉ። አለቃቸው ሜሬዲት የምትባል፣ ሳቅ የማታውቅ ሴትዮ ናት። አንደርስ ከሰርክል ያመለጠ አስማተኛ ነው፣ ከከተማው ሥር ዳርክታውን በሚባለው ድሃ ሰፈር በነፃ ያክማል። እኔ ተዋጊ ስለሆንኩ ቡድኔ ውስጥ ቁስል የሚያድነው እሱ ነው። ስንት ጊዜ ከሞት አፋፍ መልሶኛል!

እሱን ደግሞ ከዚህ በፊት አውቀዋለሁ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዌክኒንግ ላይ፣ የመጀመሪያው ድራጎን ኤጅ ተቀጥላ ማለት ነው፣ ድመቱን ይዞ የሚዞር፣ ቀልድ አዋቂ፣ ነገር የማይከብደው ልጅ ነበር። ከዚያ ጀስቲስ ለሚባል፣ ፍትሕ ፍትሕ ለሚል መንፈስ አዘነለትና ገላው ውስጥ አስገባው። የሰውዬው ንዴት መንፈሱን አበላሸው። ፍትሕ የነበረው በቀል ሆነ። በእኛ አገር ቢሆን ጠበል ይወስዱት ነበር።

ለሱም ፍርድ እንስጠው፣ ሐሰት አልናገርም። ምክንያት አለው። ገና መጀመሪያ ላይ ካርል የሚባል ወዳጁን ልናስመልጥ በሌሊት ቻንትሪ እንሄዳለን፣ ቻንትሪ ማለት የነሱ ቤተ እምነት ነው። ካርልን ስናገኘው ግንባሩ ላይ ምልክት ተደርጎበታል፣ ስሜቱን አጥፍተውበታል። ደስታ የለ፣ ኀዘን የለ፣ እንደ ግድግዳ ያወራል። ለአንድ አፍታ ነቃ ሲል «ግደለኝ» ብሎ ይለምነዋል። አንደርስ ያንን አይቷል። እኔም አብሬው አይቻለሁ። ስለዚህ «አንደርስ ዝም ብሎ እብድ ነው» የሚለኝ ሰው ጋር አልስማማም።

የኔ ነገር ግን ሌላ ነው።

ጌሙ 7 ዓመት ይፈጃል፣ የታሪኩ ዘመን ማለቴ ነው። (እነዚያን 7 ዓመታት በሙሉ አንድ ዋሻ ውስጥ ነው የምትዞረው። ጌሙን በጥድፊያ ስለሠሩት ያንኑ ዋሻ አንዳንድ በር እየደፈኑ አሥር ጊዜ ያስገቡሃል። እሱ ራሱ ሌላ ብሶት ነው።) በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአንደርስ ጋር ያለኝን የጓደኝነት መለኪያ እስከ ጥግ ሞልቼዋለሁ። ስለ አስማተኞች ሲያወራ ደግፌዋለሁ። ቴምፕላር ሲያሳድደው ከፊቱ ቆሜያለሁ። ከዚህ በላይ ጓደኝነት አለ?

ከዚያ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይመጣና ፊቱን አጨፍግጎ «እርዳኝ» ይለኛል። ከመንፈሱ የሚለየኝ መድኃኒት አገኘሁ፣ ለመቀመም ግን ሁለት ነገር ያስፈልገኛል፣ ሴላ ፔትሬ እና ድሬክስቶን። አንዱ ከቦይ ውስጥ፣ ከፍግና ከሽንት የሚገኝ ጨው ነው። ሌላው ከማዕድን ጉድጓድ የሚወጣ ድንጋይ። ደስ አለኝ እኮ! ልጁ ሊድን ነው ብዬ። ቦይ ለቦይ ስርመሰመስ አመሸሁ፣ ጉድጓድ ወርጄ ተዋግቼ ድንጋዩን አመጣሁለት። ከፍግ የሚወጣ ጨው፣ ድኝ የሚመስል ድንጋይ፣ ከሰል ብቻ ነው የቀረው። አያቴ ቢኖር ባሩድ መሆኑን ሳይነግሩት ከጠረኑ ያውቀው ነበር። እኔ የዘመኑ ሰው ግን «መድኃኒት» ሲሉኝ አመንኩ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው ለኔ ነው።

በዚህ አላበቃም። ቀጥሎ «ቻንትሪ ገብተህ ግራንድ ክለሪክ ኤልቲናን በወሬ ያዝልኝ፣ እኔ አንድ የማደርጋት ነገር አለች፣ ምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፣ እመነኝ» አለኝ። ኤልቲና የእምነቱ አባት በሏቸው፣ እናት ናቸው እንጂ፤ ሽበታም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ አሮጊት። በአስማተኞቹና በቴምፕላሮቹ መሀል ተቀምጠው ሁለቱንም «ተዉ» የሚሉ እሳቸው ብቻ ናቸው። ገባሁ። አዋራኋቸው። እሳቸው እኔን አጽናንተው ሸኙኝ እኮ! እሱ በጓሮ ሥራውን ሲሠራ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። ሜሬዲትና የአስማተኞቹ አለቃ ኦርሲኖ አደባባይ ላይ ይጨቃጨቃሉ፣ ኦርሲኖ ለኤልቲና ልንገር ይላል፣ አንደርስ ይመጣል፣ በትሩን መሬት ይመታል። ቻንትሪው ከመሠረቱ ተነቅሎ ቀይ ብርሃን እየተፋ ወደ ሰማይ ይወጣል። ሴትዮዋ ውስጥ ናቸው። ሌላም ሰው ውስጥ አለ። ሜሬዲትም ሰበቡን አገኘች፣ «ሰርክሉ ውስጥ ያለ አስማተኛ በሙሉ ይገደል» አለች።

በሙሉ። እዚያ ግቢ ውስጥ ደግሞ እህቴ አለች። ቤታኒ። እሷም አስማት ያላት ናት። መጀመሪያ ላይ እናታችን ለምናኝ ወደ ጉዞ ሳልወስዳት ቀረሁ፣ እቤት ትረፍ ብዬ፣ ስመለስ ቴምፕላሮች እየወሰዷት ደረስኩ። አንደርስ ይሄን ያውቃል። ቤቴን ያውቃል፣ እህቴን ያውቃል፣ አንገቷ ላይ ገመድ እንደሚገባም ያውቃል። ገመዱን ያቀበልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ከቦይ ለቅሜ።

«አንተ ውሻ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም።

እማዬ ብድግ አለች። «ምንድን ነው? ሌባ ነው?»

«አይ እማዬ፣ ጌም ነው።»

«ታዲያ ማንን ነው በእኩለ ሌሊት የምትሰድበው?»

ነገርኳት። ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ ብቻዬን አልቻልኩትም መሰለኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ባናዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አዳመጠችኝ።

«እማሆይ ምን አደረጉት?» አለች። ኤልቲናን ወዲያው እማሆይ አለቻቸው።

«ምንም አላደረጉትም።»

«ምንም ካላደረጉት ምን ብሎ ገደላቸው?»

«ምንም ስላላደረጉ ነው እማዬ። ሥልጣኑ እያላቸው በሁለቱ መሀል ቁጭ አሉ፣ አልፈረዱም ብሎ ነው።»

አሰበች። «ሽማግሌማ እንደዚያው ነው» አለች። «ቶሎ አይፈርድም። ሁለቱ እስኪበርድላቸው ያቆያል። ሽማግሌ ተገድሎ ማን ሊያስታርቅ ነው?»

ያው እኮ ነው እሱም የሚለው! እርቅ እንዳይኖር ነው ያደረግኩት ይላል፣ መሀል ላይ የሚቆም እንዳይቀር። ጭራሽ ይኮራበታል።

«እሺ፣ እሱ ያንን ነገር ሲቀብር አንተ የት ነበርክ?»

«እሳቸውን ሳዋራ።»

ዝም አለች። «ታዲያ አንተም አለህበታ» ብላ ፊቷን አዙራ ተኛች።

እንዴት ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ ከዚህ በኋላ?

ደብረ ሲና ያለ ጓደኛዬ፣ ይህን ጌም ያስለመደኝ እሱ ነው፣ በማግስቱ ደወልኩለት። እሱ የአንደርስ ጠበቃ ነው። «ያንን ሁሉ ዓመት በልመና ምን ተገኘ? ካርልን አላየህም? አንዱ ቤት ካልፈነዳ ማን ይሰማቸዋል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ስለ ቤቱ አይደለም የማወራው እላለሁ። ስለ ቤቱ እስከ ነገ ብንከራከር እችላለሁ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ልታሳምነኝም ትችላለህ። የኔ ጥያቄ አጭር ነው፤ እኔን ለምን ዋሸኝ? ሐሳቡን ነግሮኝ እምቢ ብለው ጠላቴ ነህ ይበለኝ፣ እሺ ብለው አብረን እንጠየቅ። እሱ ግን እምቢ የምልበትን ቦታ ወሰደብኝ። ዋስ አድርጎኝ ፈረመልኝ፣ ሳላውቅ።

ዋስ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፣ አንድ አብሮ አደጌ «ፎርማሊቲ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» ብሎ ከሥራ ቦታዬ ይዞኝ ሄደ፣ ብድር ቢጤ ሊወስድ። ፈረምኩ። ሻይ ጋበዘኝ፣ ከነ ፓስቲው። ከ4 ወር በኋላ ከደሞዜ ላይ መቆረጥ ጀመረ። ስደውልለት ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ብሩ ያናድዳል፣ ግን ይረሳል። ያልተረሳኝ ያ ፓስቲ ነው። እየበላሁ «አይ ደግ ልጅ» ብዬ ነበር እኮ። አንደርስም እንደዚያ ነው ያደረገኝ፣ እያከመኝ።

ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «አንተ ጌሙን ሳይሆን የብድሩን ልጅ ነው የምትጫወተው» አለኝ። ይሁን።

እና ከፍንዳታው በኋላ ምን ይመጣል መሰላችሁ? አንደርስ አንዲት ሣጥን ላይ ቁጭ ይላል፣ ጀርባውን ሰጥቶ። አይሸሽም፣ አይለምንም። ፍርዱ ያንተ ነው ይልሃል። ቢላዋ ከጀርባው ትሰካበታለህ፣ ወይ ሂድ ትለዋለህ፣ ወይ አብረኸኝ ተዋጋ ትለዋለህ። ሴባስቲያን የሚባለው ቀስተኛ ቡድንህ ውስጥ ካለ ደግሞ ካልገደልከው ጦር ይዤ መጥቼ ይህችን ከተማ አፈርሳለሁ ብሎ ጥሎህ ይሄዳል። አሁን ፈራጅ አደረጉኝ! ጠዋት ተላላኪ፣ ማታ ዳኛ።

በዚህ ላይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ልነግርህ ፈልጌ ነበር፣ ግን ብታስቆመኝስ፣ ይባስ ብሎ ልርዳህ ብትለኝስ ብዬ ተውኩት ይለኛል። ልርዳህ ብልህስ?! ረድቼህ የለም እንዴ! ጨውህን ከቦይ ማን ለቀመው፣ ጎረቤትህ?

ቢላዋው ላይ የማውሱን ቀስት አደረግኩ። ከዚያ አነሳሁት። ያ ድመት ይዞ የሚዞረው ልጅ ትዝ አለኝ። ደግሞ መለስኩት። ደግሞ ቤታኒ አለች፣ ሊያድናት የሚችል ሐኪም ያስፈልገኛል። ደግሞ እማዬ «አለህበታ» ያለችው አለ። እኔ እኩል ያለሁበትን ነገር እሱን ብቻ ከጀርባው ወግቼ ንጹሕ ልሆን ነው? እንዲህ እያልኩ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ሙዚቃው ይዞራል። ጀርባው አይንቀሳቀስም።

መብራት ሄደ።

ላፕቶፔ ያለ ቻርጀር ሁለት ደቂቃ አይቆይም፣ ባትሪው ካበጠ ቆይቷል። ድርግም። ጨለማው ውስጥ ውርጩን ብቻ ይዤ ቀረሁ። መጨረሻ ሴቭ ያደረግኩት ደግሞ የት ነው? ዳርክታውን፣ ክሊኒኩ በር ላይ። አንደርስ ፊቱን አጨፍግጎ «እርዳኝ» ሊለኝ ሲል።

ጠዋት እማዬ ቅንጬ እያቀረበችልኝ «ያ ልጅ ምን ተፈረደበት?» አለች። መብራት እንደጠፋ፣ ነገሩ ወደ ኋላ እንደተመለሰ ነገርኳት። ፊቷ በራ። «ተመስገን በል» አለችኝ። «እንግዲህ ዛሬ እምቢ በለው፣ እማሆይም ይተርፋሉ።»

ማታ መብራት ሲመጣ ከፈትኩት። እምቢ አልኩት። ቦይ አልወረድኩም፣ ድንጋይ አላመጣሁም፣ ሴትዮዋንም በወሬ አልያዝኩም። አኮረፈኝ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ እጄን ሁሉ አፋተግኩ።

ሲያልቅ ግን እዚያው አደባባይ ቆምን። በትሩን መሬት መታ። ቻንትሪው ተነሣ፣ ያው ቀይ ብርሃን፣ ያው ጩኸት። ለካ ብትረዳውም ባትረዳውም ይፈነዳል። ከሌላ ሰው አግኝቶት፣ ሌላ ሰው ዋሽቶ፣ እንጃ። አሁን ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል፣ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ሴቭ አድርጌ ዘግቼዋለሁ።

ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም። ዛሬ ቁርስ ላይ ጠይቃኛለች፣ «ገና ነው» አልኳት።