ምች መስሎን ነበር

ስለ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድሮም፣ አንዳንድ መድኃኒት ስለሚያመጣው ቆዳን የሚልጥ ከባድ ሕመም፣ የጻፋችሁትን አነበብኩ። ቆዳ ላይ ውሃ ቋጥሮ ስለሚወጣው በደንብ ገልጻችኋል፣ ከዚያ በፊት ስላሉት ቀናት ግን ያላችሁት ትንሽ ነው። እኛን ያሳሳተን እሱ ነው።

ደሴ ሰኞ ገበያ ነው የምንኖረው። ታናሽ እህቴ ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን ከጀመረች ሁለት ሳምንት ሲሆናት አተኮሳት፣ ጉሮሮዋን አመማት፣ ዓይኗ ቀላ። ጉንፋን ነው አልን። በሦስተኛው ቀን ከንፈሯ ሲቆስል እማዬ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ አሸችላት። ክኒኑን ግን መዋጧን ቀጠለች፤ እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ከዚያ ደረቷ ላይ ጠቆር ያለ ቀይ ነጠብጣብ ወጣ። ከማሳከክ ይልቅ ያቃጥላታል። ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ሳነሳ ቆዳዋ እንደ ተቀቀለ ቲማቲም ልጣጭ ተከትሎ መጣ። ያኔ ነው ባጃጅ ይዘን የሮጥነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን "ምን መድኃኒት ጀመረች?" ብሎ ነው፤ ወዲያው አስቆመው።

ይህን ሕመም ፀረ ባክቴሪያው ኮትሪሞክሳዞል፣ ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፌኒቶይን፣ የሪህ መድኃኒቱ አሎፑሪኖልም ያመጡታል፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት። ከሰውነት ቆዳ ከ30 በመቶ በላይ ከተላጠ ደግሞ የከፋው ዓይነት ነው። አዲስ መድኃኒት ጀምራችሁ ትኩሳትና ሽፍታ ከመጣ፣ በተለይ አፍ፣ ዓይን ወይም ብልት ከቆሰለ፣ እባካችሁ ሳታድሩ ክኒኑን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

እህቴ ድናለች። ዓይኗ ግን እስከ ዛሬ ይደርቃል፣ ጠብታ ታደርጋለች። የዚያን ክኒን ስም ወረቀት ላይ ጽፈን ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጠናል፣ ማንም ዳግም እንዳያዝላት።