የራሳችን ያልሆነ ወተት

ዛሬ ጠዋት ፍሪጃችን ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። ቢጫ ነው። የእጅ ጽሑፉ ያምራል። እንዲህ ይላል፦ «ውድ የቤቱ ነዋሪዎች፣ ማንንም መውቀሴ አይደለም። ግን የራሳችን ያልሆነ ወተት ባንነካ በጣም ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ!» ከሥሩ ፈገግ ያለች ፊት ተሥላለች።

ቤቱ ውስጥ የምንኖረው አምስት ተማሪዎች ነን። ማን እንደጻፈችው ሁላችንም እናውቃለን። እኔማ ስትለጥፈው እዚያው ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ደህና አደርሽ ተባብለናል። ዝናቡን አምተናል። ሌላ ሻይ ላፍላልሽ ወይ ብላኛለች። ከዚያ ከኪሷ ወረቀቷን አወጣች፣ ለጠፈች፣ መልካም ቀን ተመኝታልኝ ወጣች። በመካከላችን የነበረው አንድ ወንበር ነው። እጇን ብትዘረጋ ትነካኝ ነበር። እሷ ግን ደብዳቤ ጻፈችልኝ።

ይባስ ብሎ ሁዳዴ ላይ ነን። ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ የላም ወተት እንደማይነካ በእርግጠኝነት የሚታወቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። የምጠጣው የአጃ ወተት ነው። እሱም በየቀኑ ይጎድላል። ማን እንደሚቀዳው አውቃለሁ፤ ወረቀት ለጥፌያለሁ? አልለጠፍኩም። ስሜን እንኳ አልጻፍኩበትም። እናቴ ወተት እየለካች አላሳደገችኝም።

ለማያውቀኝ ልንገር። የሜሪላንድ ልጅ ነኝ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያደግሁት። የዚህን ዓመት ትምህርቴን እንግሊዝ አገር ሊድስ ልማር መጣሁ። አሜሪካ እያለሁ ሐበሻዋ ነበርኩ። እዚህ አሜሪካዊቷ ሆንኩ። ገና እንደመጣሁ የጠየቁኝ ስለ ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። በእርግጥ ፓርቲ ላይ በዚያ ትጠጣላችሁ? ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስስ እውነት አለ? ፊልም ላይ ብቻ ያለ መስሏቸው ነበር። አለ ስላቸው እንዴት ደስ እንዳላቸው! ሌላው ጉዳይ ድምፄ ነው። አሜሪካዊ ስለሆንኩ ጮክ ብዬ ነው የማወራው አሉ። አሉ ማለቴ፣ ጻፉ። የደረጃው ግድግዳ ላይ።

ቤቱ በወረቀት ያበደ ነው። ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀንና የትኛው በርሜል እንደሚወጣ የሚገልጽ ወረቀት አለ። ማሞቂያውን እባካችሁ አትንኩት የሚል አለ። ልብስ ማጠቢያው ማሽን ወጥ ቤት ውስጥ ነው ያለው (አዎ፣ ከሽንኩርቱ አጠገብ)፤ እሱም ላይ አለ። ማድረቂያ ስለሌለን ልብሳችንን ሳሎን ዘርግተን ነው የምናደርቀው። የሊድስ የካቲት ላይ አንድ ጂንስ ለመድረቅ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አትጠይቁኝ። የልብስ መዘርጊያው ወረቀትም ተራ ይደለድላል።

ከውጭ ደግሞ ፖስተኛው ያመጣል። ቴሌቪዥን የለንም። ግን በዚህ አገር ቀጥታ ስርጭት የሚያይ ቤት ሁሉ የፈቃድ ክፍያ አለበት፤ በላፕቶፕም ቢሆን። በ2025 ክፍያው በዓመት 174.50 ፓውንድ ነበር። እኛ አናይም፣ አንከፍልም። ስለዚህ በየጊዜው «ለሕጋዊው ነዋሪ» የሚል ደብዳቤ ይመጣልናል። እጅግ በጨዋ ቋንቋ ያስፈራራል። ተቆጣጣሪ ብቅ ሊል እንደሚችል ይነግረንና በአክብሮት ይሰናበታል። መምጣቱን በጉጉት እየጠበቅሁ ነው። ቢያንስ በአፉ የሚያወራ ሰው አገኛለሁ።

ደግሞ ሁሉን አላማርርም። እዚህ ኤሌክትሪኩ 230 ቮልት ነው፤ ኩባያ ሳትመርጥ ውሃው ፈልቶ ይጠብቅሃል። አሜሪካ በ120 ቮልት ማንቆርቆሪያው ሲያንጎራጉር ትውላለህ። የፎቅ አቆጣጠራቸውም ለእኔ ችግር የለበትም። አሜሪካዊ ጓደኞቼ አንደኛ ፎቅ ከምድር ቤቱ በላይ መሆኑ ዛሬም ይከነክናቸዋል። እኔ ከአጎቴ የአዲስ አበባ ቤት ጂ ፕላስ ሁለት የሚባለውን ተምሬ ስላደግሁ ወዲያው ገባኝ።

የቧንቧውን ነገር ግን አልለምደውም። ሲንኩ ላይ ሁለት ቧንቧ፣ በግራና በቀኝ። አንዱ ያቃጥላል፣ ሌላው ያደነዝዛል። ምክንያት አለው አሉኝ። ድሮ ሙቁ ውሃ የሚመጣው ጣሪያ ሥር ከተቀመጠ ታንከር ነበር፤ ቀዝቃዛው በቀጥታ ከዋናው መስመር። የታንከሩ ውሃ የሚጠጣውን እንዳይበክል ለየብቻ ተደረጉ። መልካም። ጥሩ ምክንያት ነው። ታንከሩ ከብዙ ቤት ከተነሳ በኋላ ግን ሁለቱ ቧንቧዎች እንዳሉ ቀሩ። ፊቴን ግማሹን አቃጥዬ ግማሹን አቀዘቅዛለሁ።

የውጤት አሰጣጣቸው ደግሞ አለ። ይህን ቂም ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ይዤዋለሁ። የታሪክ ጽሑፌን አስረከብኩ። እንቅልፍ አጥቼ የሠራሁት ነው። ተመለሰ። «እጅግ ጥሩ ሥራ» ይላል። ውጤቱ 68። ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት።

«68? ይሄን ነው ጥሩ ሥራ ያሉሽ? አንቺ ልጅ፣ እየቀለዱብሽ ነው።»

እማዬ፣ እዚህ ከ70 በላይ ካገኘሽ አንደኛ ማዕረግ ነው፤ ከ60 እስከ 69 ትልቅ ነገር ነው፤ በ40 ታልፊያለሽ አልኳት። እኛ ዘንድ ኤ የሚጀምረው 90 ላይ ነው። 68 ያመጣ ልጅ ቤት ሲገባ በጓሮ ነው። ዝም አለች። ከዚያ፦

«እና ቀሪው 30 የት ሄደ?»

አባዬ ከጀርባ፦ «አስተማሪዎቹ ይበሉት ይሆናል» አለ።

እኔም ጠይቄያለሁ። 85 አይተህ ታውቃለህ ወይ ብዬ አንዱን የክፍል ጓደኛዬን አፋጠጥኩት። ሰማሁ እንጂ አላየሁም አለኝ። መቶ ድረስ የሚቆጥር ወረቀት ላይ 30ውን ማንም እንዳይነካው ቆልፎ ማስቀመጥ ምን ይባላል? ከ70 ለምን አይደመድሙትም?

ወደ ወተቱ ልመለስ። ዛሬ ጠዋት ለእማዬ የወረቀቱን ነገር ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ ያቺን ተረቷን አመጣች፦ «ሌባ እናት ልጇን አታምንም።» እማዬ ተረት አታበዛም። ይህችን ግን ትወዳታለች፣ እኔም ወርሼያታለሁ። የሰው ዕቃ መንካት የለመደ ሰው የሁሉም እጅ ያሳስበዋል ነው ነገሩ። አንዴ ከሰማኋት በኋላ ደግሞ ሐሳቤ ከፍሪጁ ወጥቶ ሩቅ ሄደ።

በ1868 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ያዘ። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። ከዚያ ዘረፋ ሆነ። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ እንዳስፈለገ ይነገራል። ዝሆን! ሕንድ አገር ድረስ ሄደው ያመጡትን ዝሆን! አንድ ብርጭቆ ወተት ሲጎድል ወረቀት በሚለጠፍበት አገር፣ የ15 ዝሆን ጭነት ሲገባ ፈገግ ያለች ፊት ሥሎ የለጠፈ የለም። ብራናዎቹ ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። የወርቁ አክሊል ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። ታቦቶቹ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ተዘግቶባቸዋል፤ ቅዱስ ስለሆኑ ለሕዝብ አይታዩም። ቅዱስ መሆናቸውን እያወቁ አይመልሱም፣ ቅዱስ ስለሆኑም አያሳዩም። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት።

ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ግላድስተን በ1871 ፓርላማ ቆሞ ዕቃዎቹ መምጣታቸው እንዳሳዘነው ተናግሯል። አዘነ፣ ተቀመጠ። በ1920ዎቹ ከመቅደላ ከተወሰዱት ዘውዶች አንዱን መለሱ። የትኛውን? የወርቅ ቅብ የሆነውን የብሩን። የወርቁን አስቀሩት። በ2018 ደግሞ መቶ ሃምሳኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ዕቃዎቹን በኤግዚቢሽን ሲያሳይ፣ ዳይሬክተሩ ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጡ እንደሚችሉ ተናገሩ። ውሰት! የአጃ ወተቴን ቀድታ ስታበቃ «ከፈለግሽ ለጥቂት ጊዜ ላውስሽ» እንደማለት ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ በ1963 የወጣ ሕግ ዕቃ አሳልፈን እንዳንሰጥ ያስረናል ይላል። ሕጉን ያወጣው የማን ፓርላማ ነው? የእኛ ነው እንዴ?

አሁን መሳቄን ትቻለሁ። ምክንያቱም ዓለማየሁ እዚህ ነው የሞተው፤ ሊድስ ውስጥ፣ ሄዲንግሊ። ከቤታችን በእግር ይኬዳል። የቴዎድሮስ ልጅ በ7 ዓመቱ ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱበት። ራግቢ የሚባል ትምህርት ቤት አስገቡት። ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ላኩት፣ አልሆነለትም። ሊድስ መጥቶ በግል አስጠኚ ሊማር ጀመረ፣ ሳንባውን ታመመ፣ በ1879 ኅዳር ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞተ። ይህን ብርድ እኔ በሁለት ሹራብና በትኩስ ውሃ ከረጢት አልቻልኩትም። እሱ ደግሞ ሲደክመው ለእናቱ ደውሎ የሚያማርርበት ስልክ አልነበረውም፤ እናትም አልነበረችው።

የተቀበረው ዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ በ2023 መልስ ሰጠ። አብረውት የተቀበሩትን ሰዎች ሳይረብሹ እሱን ማውጣት አይቻልም ነው መልሱ። በጣም ጨዋ ጽሑፍ ነው። አንድ የሚያስቀይም ቃል የለበትም። እዚህ አገር እምቢ የሚባለው እንዲህ ነው፤ ስትጨርስ አመሰግናለሁ ልትል ምንም አይቀርህም።

ወይ ጉድ፣ ወተት ነበር የያዝኩት።

ለሩምሜቴ ፍትሐዊ ልሁን። የናፒየር ዘመድ አይደለችም። አያቷ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ነበሩ፤ ከዝሆኑ ጭነት አንድ ማንኪያ አልደረሳቸውም። ጉንፋን ጥሎኝ በነበረ ጊዜ ሾርባ ሠርታልኛለች። የክፍሌ በር ሥር አስቀምጣው ሄደች። ከወረቀት ጋር።

እኛስ ፊት ለፊት እንናገራለን ወይ የሚል ይኖራል። አንናገርም። እናቴ ጀበናዋን ያዋሰቻት ጎረቤት ስትዘገይባት፣ ቡና ላይ ሴትየዋ በተቀመጠችበት «ዘንድሮ ጀበና ተወዷል መሰለኝ» ትላለች። አሽሙር ነው፣ አልክድም። ግን በድምፅ ነው። ሴትየዋ ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ እሷም የራሷን ትወረውራለች፣ በማግስቱ ጀበናው ይመጣል፤ ውስጡም ባዶ አይሆንም። ለቢጫ ወረቀት ምን ብለህ ትመልሳለህ? ከሥሩ መጻፍ ነው ያለህ። እኔም እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። «የሚሠራው ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ነው ወይስ ከ1868?» ብዬ ልጠይቅ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ እንደነሱ ልሆን ነው ወይ ብዬ ተውኩት። ማታ ስትመጣ በአፌ እነግራታለሁ። ጮክ ብዬ።

ለጊዜው ግን ዛሬ እሁድ ነው። እንግሊዝ አገር ትልልቅ ሱቆች እሁድ በድምሩ ከስድስት ሰዓት በላይ ከፍተው መቆየት አይችሉም፤ በ1994 የወጣ ሕግ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እሁድ ማታም ሽንኩርት ትገዛለህ። እዚህ በፈረንጅ 4 ሰዓት ላይ ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ በጣም ይቅርታ ይልሃል። ሽሮ ልሠራ ነበር፣ ሽንኩርት የለኝም፤ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ሽንኩርት ሳቁላላ መስኮት እንድከፍት ስለሚለምነው ወረቀት ሌላ ጊዜ እነግራችኋለሁ። ጫማዬን ያያችሁ?