ማስተካከያ፦ ስለ ሩቢክ ኪዩብ አፈታት በጻፍኩት ላይ

ባለፈው ሩቢክ ኪዩብን በፍጥነት ስለመፍታት ስጽፍ ሁለት ነገር ተሳስቻለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የባሰው ስህተት «ሱን» የሚባለው ቀመር ላይ ነው፤ ቀመር ማለት በተርታ የሚሠሩ የማዞር እርምጃዎች ሲሆን፣ ሱን የመጨረሻውን (የላይኛውን) ደርብ ማዕዘኖች ለማዞር ይጠቅማል። ሰባት እርምጃ አለው። የመጨረሻውን «ቀኝ ወደ ላይ» ብዬ ነበር፤ ትክክሉ ወደ ታች ነው። ሙሉው ይኸው («ቀኝ» የቀኙ ጎን፣ «አናት» የላይኛው ደርብ ነው፤ አንድ ጊዜ ማዞር ሩብ ዙር ነው)፦ ቀኝ ወደ ላይ፣ አናቱ ወደ ግራ፣ ቀኝ ወደ ታች፣ አናቱ ወደ ግራ፣ ቀኝ ወደ ላይ፣ አናቱ ሁለት ጊዜ፣ ቀኝ ወደ ታች። እኔ እንዳልኩት የሞከረ ሰው ለፍቶ የሠራቸው ሁለቱ የታች ደርቦች ተበላሽተውበታል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እጃችሁን አትጠራጠሩ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የተፈታ ኪዩብ ያዙና ሰባቱን እርምጃ ስድስት ጊዜ ድገሙት። ኪዩቡ እንደነበረ ይመለሳል።

ሁለተኛው፣ «ለመፍጠን መጀመሪያ 78ቱን ቀመር በቃል መያዝ ግድ ነው» ማለቴ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው፤ በሲኤፍኦፒ ዘዴ (መጀመሪያ ከታች መስቀል፣ ቀጥሎ ሁለቱ የታች ደርቦች፣ በመጨረሻ የላይኛው ደርብ የሚሠራበት) ለመጨረሻው ደርብ የአናቱን ቀለም ለማስተካከል 57፣ ቁራጮቹን በቦታቸው ለማስቀመጥ 21 ቀመሮች አሉ። ግን በእነሱ አይጀመርም። ያንኑ ደርብ በአራት እይታ (በሁለት ሳይሆን በአራት ደረጃ እያየ) ለሚፈታ ሰው 16 ቀመር ይበቃዋል። መስቀሉና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደርቦች ደግሞ በማስተዋል የሚሠሩ ናቸው። ማዕዘኑንና ጠርዙን አናት ላይ አጣምሮ አንድ ላይ ማስገባት ነው። ጊዜ የሚበላው እዚያ ቀጣዩን ጥንድ ፍለጋ ቆም ስንል ነው። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ እጃችሁ አንዱን ጥንድ ሲያስገባ ዓይናችሁ ሌላውን ይፈልግ።

ጽሑፉን አይታችሁ ቀመር መሸምደድ የጀመራችሁ ካላችሁ፣ ለጊዜው አቁሙትና በዚህ ጀምሩ።