ጽሞና የመነኮሳት ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «ጽሞና የመነኩሴና የሽማግሌ ነው፤ ወጣት ሮጦ ያገልግል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም። በተለይ ከጎጃም ሰው ስሰማው ያሳዝነኛል።

እስቲ የቅኔ ተማሪዎቻችንን ተመልከት። በጎጃሞቹ የቅኔ ቤቶች፣ በዋሸራም በጎንጅም፣ ቅኔ ሲቆጥሩ (በልባቸው እያሰላሰሉ ሲያዘጋጁ) የኖሩት በአብዛኛው ልጆችና ወጣቶች ናቸው። ተማሪው ከመምህሩ የሰማውን ይዞ ብቻውን ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ዝም ብሎ ያወጣል፣ ያወርዳል። ከዚያ የደረሰበትን ለመምህሩ ይነግራል። ያው ልጅ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ዲያቆን ከሆነም ቅዳሴ ይገባል። ታዲያ ጽሞናውና አገልግሎቱ የት ላይ ተለያዩ? በፍልሰታስ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይጾሙ የለ?

ማርቆስ 1፥35ን አንብበው። ጌታ ገና ሳይነጋ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ጸለየ። ወዲያው ቀጥሎ በገሊላ ሁሉ እየዞረ ሰበከ።

ለጥምቀት ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ወጣቶች ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ግን ከሥራው በፊት በጸጥታ የሚጸልዩበት ጊዜም ስጧቸው። ጉልበታቸውን ብቻ አትጠይቋቸው።