ገበናዬና የእጅ ባትሪው

ገበናዬን አጥብቄ የምይዝ ሰው ነኝ። ጎረቤቴ «የት ጠፍተህ ነው?» ሲለኝ «እዚሁ ወዲያ ነበርኩ» እለዋለሁ። «ከማን ጋር?» ካለ «ከሰው ጋር»። ደመወዜን ወንድሜ እንኳ አያውቀውም። ባልደረቦቼ ዕድሜዬ 39 መሆኑን ካወቁ ስድስት ዓመት አለፋቸው። መኪና ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ወደ ስልኬ አንገቱን ሰገግ ካደረገማ ስክሪኑን ደረቴ ላይ ለጥፌ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ። ያነበብኩት የነበረው የነገን የአየር ሁኔታ ነው። ይሁን፤ የሚያነበው በራሱ ስልክ ያንብብ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አንድ ሌሊት አልጋ ሥር ገብቶ ቀረ። የአንድ እግር ካልሲ ጠፍቶኝ ነበር። አሮጌው ስልኬ የራሱ የእጅ ባትሪ ስላልነበረው አንድ አፕ አወረድኩ። አፑ ከማብራቱ በፊት ጠያቂ ሆነብኝ። ያለህበትን ቦታ ልወቅ? ፍቀድ። በስልክህ የመዘገብካቸውን ሰዎች ልይ? ፍቀድ። ማይክሮፎንህን ልጠቀም? እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ባትሪ ጆሮ ምን ያደርግለታል? ግን ሆዴ ወለሉ ላይ ተጣብቋል፣ አቧራው አፍንጫዬን ይዞታል፣ ሚስቴ ከላይ «አላገኘኸውም እንዴ?» ትላለች። ፍቀድ! ካልሲውን አገኘሁ። ጎረቤቴ በዐሥር ዓመት ጥየቃ ያላገኘውን ደግሞ ባትሪው በአንድ ደቂቃ አገኘ።

የእኔን ባትሪ እንኳ በማስረጃ አልከሰውም። ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ስልኮች ላይ ተጭኖ የነበረ አንድ የእጅ ባትሪ አፕ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያቀብል ደርሶበታል። እኔን የገረመኝ ማቀበሉ አይደለም። አፑ «እስማማለሁ» እና «አልስማማም» የሚሉ ምርጫዎችን ያቀርባል፤ መረጃው ግን ሰውየው አንዱንም ሳይነካ ገና ድሮ ጉዞ ጀምሯል። ሳያንኳኩ ገብተው፣ ሶፋው ላይ ተደላድለው «ልግባ?» እንደ ማለት ነው።

ብንጠየቅስ መቼ እናነባለን? ሁለት የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ስሌት፣ አንድ አሜሪካዊ በዓመት የሚጎበኛቸውን ድረ ገጾች የግል መረጃ ፖሊሲ ሁሉ ላንብ ቢል ከ200 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። በቀን ስምንት ሰዓት ሳይነሳ ቢያነብ 25 የሥራ ቀን መሆኑ ነው። የዓመት ፈቃዱን በዚህ የሚጨርስ ሰው ካለ፣ ስለ እሱ የሚሰበሰብ መረጃም ብዙ አይኖር፤ ከቤት አይወጣማ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን ውስጥ አንድ የኢንተርኔት ደኅንነት ኩባንያ ለሙከራ ነፃ ዋይፋይ ዘርግቶ፣ ከውሉ መካከል «የበኩር ልጄን አስረክባለሁ» የሚል አንቀጽ ሸጎጠ። ስድስት ሰዎች ተስማሙ። ይህን እንዳነበብኩ የበኩር ልጄን ጠርቼ ግንባሯን ሳምኳት። «ምን ሆንክ አባዬ?» አለችኝ። ምኑን ልንገራት?

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንም አላየብኝም ብዬ እጽናና ነበር። ከዚያ የስብሰባው ቀን መጣ። የእኔ ላፕቶፕ ከፕሮጀክተሩ ጋር ተያይዟል፤ ሥራ አስኪያጃችን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። «እንዴት የሠራተኛን ተነሳሽነት ማሳደግ ይቻላል» ብዬ ልፈልግ «እንዴት» የሚለውን ቃል ብቻ ጻፍኩ። ማሽኑ ውለታ የዋለልኝ መስሎት የቀረውን ሞላልኝ። ግድግዳ በሚያህል ፊደል፦ «እንዴት አለቃን ሳያስቀይሙ ሥራ መልቀቅ ይቻላል»። ከሥሩ «እንዴት ማንኮራፋት ይቆማል»። ከእሱ ሥር «እንዴት ከ45 ዓመት በኋላ ፀጉር ይመለሳል»። ክፍሉ ጸጥ አለ። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ነበር የማውቀው፤ አፍ እንዳለው ያን ቀን አየሁ። ሥራ አስኪያጃችን መነጽራቸውን አስተካክለው ሦስቱንም ረጋ ብለው አነበቡና «ቀጥል» አሉኝ። የገረመኝ፣ ሰዉ ስለ ሥራ መልቀቁ ምንም አላለም። ሹክሹክታው ሁሉ 45 የምትለዋ ቁጥር ላይ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉ ወጣት አዘነልኝ። «ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነቱን በኢንኮግኒቶ ነው እኮ የሚፈልጉት» አለኝ። የፈለጉበትን አያስታውስም የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፍቶ አሳየኝ፤ ባርኔጣና መነጽር ያደረገ ሰው ምልክት አለው። ደስ አለኝ። ለአንድ ሳምንት ያልጠየቅኩት በሽታ የለም። በኋላ ያው ልጅ እንደዋዛ «እሱ እኮ የፍለጋ ታሪክዎን እዚሁ ላፕቶፕ ላይ አያስቀምጥም እንጂ፣ የገቡበት ድረ ገጽም፣ ኢንተርኔት የሚያቀርበው ድርጅትም፣ የመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክም ያይዎታል» አለኝ። የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ የሚቆጣጠረው ማን ነው ብዬ ልጠይቀው ፈለግሁና ፊቱን አይቼ ተውኩት።

«ስምህን አንይዝም» የሚሉትም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የስልክ እንቅስቃሴ መርምሮ ነበር፤ ስም የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ ማን የት በስንት ሰዓት እንደነበረ ብቻ። ከመቶው 95ቱን ሰው ከሌላው ለመለየት አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች በቁ። የእኔን ቆጠርኳቸው። ሌሊት፣ ቤቴ። ጠዋት፣ መሥሪያ ቤቴ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የልጄ ትምህርት ቤት በር። አራተኛዋን፣ የሐሙስ ማታዋን፣ ለእናንተ አልነግርም። ስልኬ ያውቃታል፤ ይበቃል።

በዚሁ ቁጭት ባለፈው ሐሙስ ማታ ከአራተኛዋ ቦታ ተቀምጬ ስልኬን ማጽዳት ጀመርኩ። ካልኩሌተሩ የጓደኞቼን ስም ዝርዝር ይዞ ምን እንደሚደምር እንጃ፤ ከለከልኩት። የእጅ ባትሪው ከአሮጌው ስልክ ወደ አዲሱ ተከትሎኝ መጥቷል፤ አጠፋሁት። ልክ ገበናዬ ተመልሶ የተከደነ ሲመስለኝ ሚስቴ ደወለች።

«የት ነህ?»

«ስብሰባ ላይ።»

«ስብሰባው በሩ አረንጓዴ ነው?»

ዝም አልኩ። ለካ አምና መንገድ ጠፍቶኝ ያለሁበትን ቦታ ስልክላት «ለአንድ ሰዓት» የሚለውን ትቼ «ሁልጊዜ» የሚለውን ነክቼ ኖሯል።

«በሩ ላይ ቆሜያለሁ» አለች። «ቤት ስንገባ የምንነጋገረው ብዙ ነው። በል ውጣና እንሂድ፤ ከዛሬ ጀምሮም...»

ዝርዝሩን እስክትጨርስ አልጠበቅኩም። እስማማለሁ አልኩ።