የኩበቱ ክርክር

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን አንድ ዘመድ ቤት የጽዋ ማኅበር ነበር። ጠላው ተቀድቶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ወሬው መብራት ላይ አረፈ። ከመብራት ወደ ነዳጅ፣ ከነዳጅ ወደ አየር ንብረት ለውጥ ዞረ። ያዞረው ከአዲስ አበባ የመጣ የመኪና ነጋዴ ነው። በጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

«እኛ ምን በደልን?» አለ። «አፍሪካ በሙሉ የምታወጣው ጭስ ከዓለሙ ከመቶ አራት እጅ አይሞላም። ያቃጠሉት እነ አሜሪካና ቻይና ናቸው። ያቃጠለ ካሳ ይክፈላ! እስኪከፍሉን እኛ እንደ ልባችን እንንዳ።»

ቁጥሩ ልክ ነው። ማንም አልተከራከረውም። ግን ሰውዬው ከዚያ ቁጥር ሌላ የሚለው የለውም። በልጉ ቀረ ሲሉት ካሳ። አፈሩ ታጥቦ ሄደ ሲሉት ካሳ። ገብሱን ውርጭ መታው ቢሉትም ያው ካሳ ነው መልሱ።

ጥግ ላይ አንዲት ከመንዝ የመጡ እናት ተቀምጠዋል። ሲሰሙ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ካሳ የምትለው መቼ ነው የሚመጣው?» አሉት።

«ቃል ገብተዋል እኮ፣ እማማ!»

ጂኦግራፊ የሚያስተምር አንድ መምህር እዚህ ላይ ገባ። «ቃሉን የገቡትማ ታኅሣሥ 2002 ኮፐንሃገን ላይ ነው። አፍሪካን ወክለው የሄዱት አቶ መለስ ነበሩ። በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ለድሃ አገሮች እናዋጣለን አሉ። በአውሮፓ 2020 ይሞላል የተባለው ሁለት ዓመት ዘግይቶ ሞላ። መንግሥታቱ ካዋጡት ውስጥም አብዛኛው ብድር ነው።»

«እንግዲያማ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ እናትየዋ።

ቤቱ ሳቀ። ነጋዴው አልሳቀም። እኔ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቤ ከእሳቸው ጋር ነው።

ቀጠሉ። «በምድር ያለችውን ላም ልንገርህ። ድሮ እበቷ ፍግ ሆኖ ማሳ ላይ ይወርድ ነበር። ዛሬ ጠፍጥፈን፣ አድርቀን፣ እንጀራ እንጋግርበታለን። እንጨት ከየት እናምጣ? ያለው ባህር ዛፍ ነው፤ እሱም ለገበያ ይቆረጣል። መሬቱ ፍግ ካላገኘ ደግሞ ገብሱን እሺ ብሎ አይሰጥም። ማዳበሪያ ግዙ ይሉናል። ዋጋውን ታውቀዋለህ።»

ይህን የሰማ ሰው ሌላ ምን ማብራሪያ ይፈልጋል? ደጋው ላይ ያለው ነገር ይሄው ነው። ማሳ ላይ መውደቅ የነበረበት ፍግ ምድጃ ውስጥ ይነዳል። መሬቱ በየዓመቱ ይሳሳል። የሳሳ መሬት ላይ በልጉ ሲቀር የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ ነው። ጭሱን ደግሞ ሴቶቹና ጀርባቸው ላይ ያሉት ሕፃናት ይስቡታል። ካሳው ቢመጣስ ይህን ማን በማን ስም ይቀበለዋል?

ነጋዴው አቅጣጫ ቀየረ። «ምን ችግር አለ፣ በኤሌክትሪክ ይጋገራላ! ግድቡ ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት!» ልብ በሉ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ «መብራት በሚጠፋበት አገር የኤሌክትሪክ መኪና ግዙ ይሉናል» እያለ ሲያማርር የነበረው ይኸው ሰው ነው።

«ሽቦውማ በቤቴ አናት ላይ ነው የሚያልፈው» አሉ እናትየዋ። «ወደ ከተማችሁ ይሄዳል። እኔ የማመሸው በኩራዝ ነው። ይሄም ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

መምህሩ ነገሩን አፍታታው። የእኛ አገር መብራት ቀድሞውንም በአብዛኛው ከውኃ ነው የሚመጣው፤ ከቀሪውም ብዙው እንደ አሸጎዳና እንደ አዳማ ካሉ የነፋስ ጣቢያዎች ነው። ስለዚህ ንጹሕ ኃይል አመንጩ ብሎ የሚመክረን አያስፈልግም። ግን ግማሽ የሚጠጋው ሕዝብ መስመር አልደረሰውም። አንድ ወጣት «ሶላር ይሰጣቸው» ሲል መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። የእንጀራ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል። በየገጠሩ የሚሸጠው ትንሿ ሶላር አምፖል ታበራለች፣ ሞባይል ትሞላለች፣ እንጀራ ግን አትጋግርም። መስመሩ እስኪደርስ ቢያንስ «ምርጥ» የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ በየቤቱ ይግባ አለ። የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

«በሲሚንቶ ምድጃ ነው የዓለምን ሙቀት የምታቆሙት?» ብሎ ሳቀ ነጋዴው።

የዓለምን ሙቀት እናቆማለን ያለ ሰው አልነበረም። የተባለው ፍጉ ወደ ማሳው ይመለስ ነው። እሱ ግን ያልተባለውን እየመለሰ ጨዋታውን ያሸነፈ መሰለው። መጨረሻ ላይ የቀረችውን አመጣት። «በ2020 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ነው። ያኔ ፊት ለፊት እንጠይቃቸዋለን፣ ታያላችሁ።» እናትየዋ አፋቸውን ሳይከፍቱ ወጣቶቹ ቀደሟቸው፦ «ላም አለኝ በሰማይ!»

ይጠየቁ፣ እኔም እላለሁ። ዕዳ አለባቸው። የሚያናድደኝ ካሳ መጠየቁ አይደለም፤ ካሳ እየጠበቁ እጅን አጣጥፎ መቀመጡ ነው። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር ምድሩን ሲጠብቅ ማን ከፈለው? ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የአገሬው የጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው። ሕዝቡ ቆይቶ በኮሚቴ ተደራጅቶ እንደገና ያዘው። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ዛሬ ድረስ እዚያ አሉ።

አሁን ያለነው ሰዎች ግን መትከል እንጂ መጠበቅ አናውቅም። ሐምሌ ላይ ችግኝ ይዘን ፎቶ እንነሳለን። ታኅሣሥ ላይ ፍየል ሲበላው ማንም ዞር ብሎ አያይም። ስንት ተተከለ ይባላል፣ ስንቱ ጸደቀ አይባልም። ስለ ማገዶ ስብሰባ ይጠራና አዳራሹን የምንሞላው ምጣድ አስምተን የማናውቅ ወንዶች ነን። ሁሉም ነገር ለእንግዳ ዓይን ሆኗል። በ2020 ተሰብሳቢዎቹ ሲመጡም የሚታዩት መብራት የተንቆጠቆጠበት መንገድና ፏፏቴው ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ቀን አውቶቡስ ተይዞ ወደዚህ ይምጡ። ኩበት የሚጠፈጥፉትን ሴቶች ያናግሩ። ከዚያ ስለ ካሳውም ስለ መስመሩም፣ የእኛም ሹማምንት ባሉበት፣ ሴቶቹ ራሳቸው ይጠይቋቸው።